ጋሽ ሊያልቅነው እና እምቢተኛው ፓኬጅ

ሰፈሩ ውስጥ ጋሽ ሊያልቅነው ጫጩት እየፈለፈለ ነው ተብሎ ተወራ።

ወሬውን ያስነሣው ፀጉር አስተካካዩ ነው። ሱቁ ከጥልፍ ቤቱ ጋር ግድግዳ ስለሚጋራ ራሱን እንደ ዓይን ምስክር ይቆጥራል። መቀሱን አየር ላይ አቁሞ፣ የደንበኛውን ግማሽ ራስ ሳይጨርስ፣ "በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት" አለ። ያየውም ይህን ነው፤ ጋሽ ሊያልቅነው ከመሥሪያ ቤቱ የዓመት ዕረፍቱን ወስዶ፣ ሦስት የእንቁላል ትሪ አቅፎ፣ ግራ ቀኙን እያየ የእህቱ ጥልፍ ቤት የጓሮ ክፍል ገባ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እዚያ ክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚያጉረመርም ነገር አለ። የጋራው ግድግዳ ለብ ይላል። በሩን የከፈተ ሰው ቁጣ ይጠብቀዋል። ሰውየውም በየግማሽ ሰዓቱ ገብቶ ያያል፣ ፊቱን አጨማዶ ይወጣል፣ ጣቱን እየቆጠረ ተመልሶ ይገባል።

"ይሄ ጫጩት ካልሆነ ጢሜን ልላጭ" አለ ፀጉር አስተካካዩ። ጢም የለውም።

በሦስተኛው ቀን ሁለት የሰፈር ሴቶች ለእህትየው "ሲደርስ ለኛም ያዙልን" ብለው ተመዝግበዋል። አንዷ እንዲያውም ቀይ ይሁንልኝ ብላለች።

እንዲህ ያማረ ወሬ ማበላሸት ያሳዝናል፣ ግን አንድም እንቁላል አልነበረም። ትሪዎቹ ባዶ ነበሩ። የገቡት ለአንድ ያረጀ ኮምፒውተር መደላድል ሊሆኑ፣ ከሥሩ ነፋስ እንዲያገኝና እንዳይግል ነው። የሚያጉረመርመውም የኮምፒውተሩ ማራገቢያ ነው። ፊቱን አጨማዶ የሚወጣበት ምክንያት ግን ረዘም ይላል።

ጋሽ ሊያልቅነው የውኃ ቆጣሪ ጠጋኝ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ቆጣሪ ሲፈታ፣ ጥርሱን ሲያጸዳ፣ መልሶ ሲገጥም ኖሯል። ኮምፒውተር ያስተማረው ሰው የለም። መሥሪያ ቤቱ የጣለውን አንድ ማሽን ቤቱ ወስዶ ፈታው፣ ገጠመው፣ እንደገና ፈታው፤ በሦስተኛው ሲነሣለት ጊዜ እኔም ባለሙያ ነኝ አለ። ቅጽል ስሙን ያወጣችለት ሚስቱ ናት። ገና ሳይጋቡ "ቤቱ መቼ ነው ታድሶ የሚያልቀው?" ብላ ብትጠይቀው "ሊያልቅ ነው" አላት። ሁለት ዓመት ጠበቀች። ያገባችው ጣሪያው ሳይመታ ነው። እሷ ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ፣ ነገር የማታበዛ ሴት ናት፤ ስሙን አንዴ ጣል አደረገችው፣ ሰፈሩ አነሣው።

አሁን ወደ እህትየው። ታላቁ ናት፤ እሱ "እትዬ" ይላታል፣ እሷ አርባ ስድስት ዓመት የሞላውን ሰውዬ እስካሁን "ማሙሽ" ትለዋለች። ያላት አንድ የጥልፍ ማሽን ነው፤ ማሽኑ ያረጀ ነው፣ እሷ ግን "የተከበረ" ነው የምትለው። ንድፉን የሚቀበለው በወፍራም ገመድ ከአንድ ኮምፒውተር ነው፤ የገመዱ ጫፍ ሃያ አምስት ጥርስ ያለው ሰፊ ሶኬት ነው፣ የዛሬ ላፕቶፕ ደግሞ እንዲህ ያለ ሶኬት አይቶ አያውቅም። ስለዚህ ማሽኑና ኮምፒውተሩ እንደ ሽማግሌ ባልና ሚስት ናቸው፤ አንዱ ከተኛ ሌላው አይነሣም።

አንድ ረቡዕ የኮምፒውተሩ ሃርድ ዲስክ ጥርሱን ሲያፋጭ አርፍዶ ዝም አለ። በዚያው ዕለት ከሰዓት የነርሶች ማሠልጠኛው የንብረት ክፍል ኃላፊ መቶ ሃያ ቁራጭ ጨርቅ በካርቶን ይዞ መጣ። የተመራቂዎች ጋወን ላይ የሚሰፋ አርማ ነው። እህትየው አሥራ አንድ ዓመት ይህን ሥራ ለማንም አሳልፋ አታውቅም፤ ቤቱን ቀጥ አድርጎ የያዘው እሱ ነው፣ ሌላው የትራስ ልብስና የስም ጥልፍ ነው።

"የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ፣ ከምሳ በፊት" አለ ኃላፊው። "ካልደረሰ ግን እትዬ፣ በኔ እንዳትቀየሚ። ጨርቁን ማዶ አሻግራለሁ።"

ማዶ ማለት ከመንገዱ ወዲያ፣ ባለ አሥራ ሁለት መርፌ አዲስ ማሽን ያስገባችው ሴትዮ ናት። አንዴ ማዶ የተሻገረ ሥራ ተመልሶ መንገድ እንደማያቋርጥ እህትየው ታውቃለች። ዲስኩ መሞቱን ለኃላፊው አልነገረችውም። "ይደርሳል" አለች፣ ድምጿ ትንሽ ቀጠን አለ እንጂ።

ጋሽ ሊያልቅነው ሐሙስ ጠዋት ሌላ ዲስክ ይዞ ከች አለ። "እትዬ፣ አታስቢ። ከምንጩ ነው የምገነባልሽ።"

"እሱ ምንድን ነው?"

"ሌላው ሰው ሲስተም ሲጭን ከሱቅ እንደተሰፋ ልብስ ነው፤ ይገዛል፣ ይለብሳል። ይሄኛው ሊኑክስ የሚባል ሲስተም ግን ጨርቁን፣ ክሩንና ልኩን ያስረክብሽና በይ ራስሽ ስፊው ይልሻል። እያንዳንዱ ፕሮግራም ፓኬጅ ይባላል፤ በጽሑፍ ይመጣል፣ ማሽኑ ራሱ እያነበበ ይሠራዋል።"

"ታዲያ የተሰፋውን ብንገዛስ?"

"ልኩ አይሆንም። የተዘጋጀው ሁሉ ይሄን ፕሮሰሰር ሲያይ ገና በር ላይ 'አርጅተሃል' ብሎ ይመልሰዋል።"

እውነቱን ነው፣ ይመልሰዋል። ሦስቱን ሞክሮ ሦስቱም መልሰውታል። እህትየው የገባት ልክ የሚለው ቃል ነው፤ በልክ የሚያምን ሰው ይመቻታል። "በል ስፋ" አለችው።

ጋሽ ሊያልቅነው የሚያስፈልጉትን ፓኬጆች ቆጠረ፤ ሁለት መቶ አሥራ ሰባት ሆኑ። ዝርዝሩን ግድግዳ ላይ ለጠፈ፣ የተሠራውን በእህቱ የልብስ ጠመኔ ይሰርዝ ጀመር። ሥራው በቀን ብቻ ነው። እህትየው ማታ ስትዘጋ ዋናውን ማብሪያ ታጠፋለች፣ ጨርቅ የሞላበት ቤት ነው፣ እሳት ትፈራለች፤ "መብራቱን ተይው" ብሎ ለምኖ ለምኖ አልሆነለትም። ጠዋት ቀድማ የምትከፍት እሷ ናት፣ ኮምፒውተሩንም የምታስነሣው እሷው። እሱ ልጁን ትምህርት ቤት አድርሶ ይመጣል።

የመጀመሪያው ውድቀት ቅዳሜ መጣ። ሠላሳ አንደኛው ፓኬጅ መሐል መንገድ ላይ ቀጥ አለ። ይሄኛው ጨዋ ውድቀት ነበር፤ የማሽኑ ሜሞሪ አንሶት እንደሆነ በግልጽ ጽፎ ነው የሞተ። ጋሽ ሊያልቅነው ከዲስኩ ላይ ቆርሶ ለሜሞሪ ማገዣ ሰጠው፣ በአንዴ አንድ ሥራ ብቻ እንዲሠራ አዘዘው፣ አለፈ። ያን ቀን ደረቱን ነፍቶ ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ሄዶ ፀጉሩን ተስተካከለ። "እንዴት ነው፣ ተፈለፈለ?" ቢለው "ሊያልቅ ነው" አለው። ወሬው በዚህ ተረጋገጠ።

ከሰኞ ጀምሮ ግን ነገሩ መልኩን ለወጠ። ጠዋት የጀመረው ፓኬጅ ይወድቃል። ያንኑ ፓኬጅ፣ ምንም ሳይነካ፣ ከሰዓት በኋላ ይጀምረዋል፤ ሽር ብሎ ያልፋል። ሁልጊዜ የሚወድቅን ነገር ሰው ይታገለዋል። ጠዋት ወድቆ ከሰዓት የሚነሣ ግን ያሳብዳል። በስክሪኑ መጨረሻ የሚጽፈው ደግሞ አንዲት መስመር ናት፤ "ስህተት፣ ሁለት"። ሁለት ምን? አንድስ የት ሄደ?

"ማሙሽ፣ ምን አለህ?"

"ሁለት አለኝ።"

"ሁለት ምን?"

"እኔም እሱን ነው የምጠይቀው እትዬ!"

መጀመሪያ ሙቀት ነው አለ። ትሪዎቹ ላይ ሌላ ትሪ ጨመረ፣ የኮምፒውተሩን ጎን ገልጦ የጠረጴዛ ማራገቢያ ደገነበት፤ የተቆረጠ ክር ሁሉ ተነሥቶ ክፍሉ ውስጥ እንደ ቢራቢሮ በረረ። ማክሰኞ ጠዋት ወደቀ። ሙቀት ቢሆን ኖሮ ከሰዓት ነበር የሚብሰው፣ ስለዚህ ብርድ ነው ብሎ ደመደመ። ማራገቢያውን አንሥቶ የእህቱን የሱፍ ሻርፕ አለበሰው። ፀጉር አስተካካዩ በበሩ ክፍተት ሻርፕ የለበሰውን ነገር አየና "አቅፎ ነው የሚያስቀምጣቸው" ብሎ ሄደ። አሁንም ወደቀ።

ከዚያ ሜሞሪውን ጠረጠረ። የቀረውን ቀን ሁሉ ሜሞሪ ሲያስመረምር ዋለ። አመሻሹ ላይ ማሽኑ ሜሞሪው ጤነኛ ነው አለው። አንድ ቀን ተቃጥሎ የተገኘው ትርፍ ጤንነት ነው። ረቡዕ ራሱን ጠረጠረ። ማሽኑ እንዲፈጥንለት ብሎ ሲጀምር ያስገባቸው ልዩ ልዩ ትእዛዞች ነበሩ፤ ልክ ስፌት ላይ ለማማር የሚጨመር ሽብሽብ ዓይነት። ሁሉንም ፈታ። ሽብሽቡ ሲፈታ ግን ከተሠሩት ውስጥ ስልሳው ፓኬጅ እንደገና መሠራት ነበረበት። በጠመኔ የሰረዘውን በእርጥብ ጨርቅ ሲያጠፋ እህትየው በበሩ አየችው።  ካርቶኑን ከፍታ መቶ ሃያዎቹን ቁራጮች አንድ በአንድ ዳሰሰቻቸው፣ መልሳ ዘጋችው። ይህ ከስድብ ይከፋል።

ሚስቱ በዚያው ቀን ምሳ ይዛለት መጣች። ጋወኗን እንኳ አላወለቀችም። ግድግዳውን አየች፣ ሻርፑን አየች፣ እሱን አየች።

"አንተ ሰውዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ?"

"ጠይቂ።"

"የዛሬ አሥር ዓመት የወጣ ሊኑክስ ይሄን ማሽን አርጅተሃል ይለዋል?"

ጋሽ ሊያልቅነው ጉርሻውን አላመጠ። አሁንም አላመጠ።

"ደኅንነቱ ያሰጋል" አለ።

"ጥልፍ ማሽኑን ማን ይሰርቀዋል?"

"ደግሞ ንድፉን የሚያስተላልፈው ፕሮግራም በድሮው ላይ አይነሣም።"

"ሞክረሃል?"

"ሞክሬ... ማለት አንብቤአለሁ።"

"አንብበሃል" አለች። ሳህኑን ሰብስባ፣ ለእትዬ ሰላምታ ሰጥታ ወጣች። ነገሩ የዚህ ያህል ነው፤ ባልየው ከምንጩ የሚሠራውን ሥርዓት ስድስት ዓመት ሲያነብበው፣ ሲያልመው፣ ለቆጣሪ ጠጋኞች ሲሰብክላቸው ኖሯል፤ ይህ አጋጣሚ እንዲያመልጠው አልፈለገም። እህቱን ይወዳታል፣ ያ አያጠራጥርም። ግን ሁለቱንም ፍቅሮቹን በአንድ ሳምንት ሊያስደስት ነበር የፈለገው።

ሐሙስ ዝርዝሩ ላይ የቀረው ትልቅ ነገር አንድ ነበር፤ መቶ ዘጠና ስምንተኛው ፓኬጅ፣ ሥዕል የሚያነብ፣ ላይብረሪ የሚባል ረዳት ፕሮግራም። ንድፉን ወደ ጥልፍ ማሽኑ የሚያሻግረው ፕሮግራም ያለ እሱ አይንቀሳቀስም። ይህ ላይብረሪ ለመሠራት ስድስት ሰዓት ይፈጃል። ከሰዓት ቢጀመር እህትየው መብራት ስታጠፋ መሐል ላይ ይቋረጣል፤ ስለዚህ የግድ ጠዋት ነው የሚጀመረው። ጠዋት የተጀመረ ሁሉ ደግሞ ይወድቃል። በዚያው ጠዋት ሦስት ጊዜ ጀመረው፣ ሦስት ጊዜ ወደቀ። በሦስተኛው ጋሽ ሊያልቅነው ቁልፍ ሰሌዳውን አንሥቶ ሊወረውር ሲል፣ በሩ ላይ የንብረት ክፍል ኃላፊው ቆሞ አገኘው።

"ድምፅ እሰማለሁ" አለ ኃላፊው፣ አንገቱን አስግጎ። "ሥራው የት አለ?"

"ሊያልቅ ነው።"

"ስንት ተጠለፈ?"

"ገና... መሠረቱ ላይ ነን።"

"መሠረት? አርማ ነው ያዘዝነው ወይስ ሕንፃ?"

እህትየው ከፊት ክፍል መጣች። ዲስኩ መሞቱን፣ ሳምንቱ ማለቁን፣ አንድም አርማ አለመሠራቱን ራሷ ነገረችው፤ ሌላ ሰው እንዲነግርላት አልፈለገችም። ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም፤ እዚህ ቤት ውኃ ሲጠጣ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠራረገ፣ መልሶ አጠለቀ።

"እትዬ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ። የጋወኑ ሰፊ አርማውን እየጠበቀ ነው። ከሱ በላይ ብታገሥ እኔ ነኝ የምባረረው።"

እሱ ከወጣ በኋላ ጋሽ ሊያልቅነው እስከዚያ ጊዜ ድረስ ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አላደርገውም ያለውን አደረገ። ኢንተርኔት ላይ ይህን ሊኑክስ የሚጠቀሙ ሰዎች የሚጠያየቁበት መድረክ አለ። ከሰኞ ጀምሮ አምስት ጊዜ ጠይቆ አምስት ጊዜ አንድ ዓይነት መልስ ነበር የተመለሰለት፤ የመጨረሻዋን መስመር ተወውና የማሽኑን መዝገብ ሙሉውን ለጥፍ። እሱ ደግሞ ይህን እንደ ንቀት ነበር የቆጠረው። ሃያ ሁለት ዓመት ቆጣሪ የፈታ ሰው የት እንደፈሰሰ አያውቅም ወይ? ያን ዕለት ከሰዓት ግን ኩራቱን ዋጥ አድርጎ ዘጠኝ ሺህ መስመር እንዳለ ለጠፈ።

ዓርብ ጠዋት ጥልፍ ቤቱ ሲደርስ መልሱ ስልኩ ላይ ነበር። አንድ ስሙን እንኳ በቁጥር የጻፈ ሰው፣ ሰላምታ ሳይሰጥ፣ ሦስት ሺህ አራት መቶ ስድስተኛውን መስመር አንብብ ብሎታል። ጋሽ ሊያልቅነው ወረደ፣ ወረደ፣ አገኘው። ማሽኑ በጎን፣ ለራሱ እንደሚያጉረመርም ሰው፣ አንዲት ማስጠንቀቂያ ጽፏል፤ ይህ ፋይል የተፈጠረው ከአሁን ወዲያ ከአርባ ደቂቃ በኋላ ነው።

ሁለት ጊዜ አነበበው። ግንባታ ማለት ማሽኑ የፋይሎችን ሰዓት እያነጻጸረ፣ አሮጌውን በአዲሱ እየተካ የሚሄድበት ሥራ ነው። ገና ያልደረሰ ሰዓት ላይ የተፈጠረ ፋይል ሲያጋጥመው የቱ ፊት የቱ ኋላ እንደሆነ ይጠፋበትና ይቆማል።

ቀና ሲል በተከፈተው በር በኩል የፊት ክፍሉ የግድግዳ ሰዓት ታየው። ስልኩን አየ። ሰዓቱን አየ። አርባ ደቂቃ።

"እትዬ!"

"አቤት።"

"ይሄ ሰዓት ስንት ነው የሚለው?"

"የሱቁን ነው የሚለው።"

"የሱቁን ማለት?"

"አርባ ደቂቃ አስቀድሜዋለሁ። ሥራ እንዳይዘገይብኝ ነዋ! ስንት ዓመቱ፣ አታውቅም?" አለች፣ መርፌ ላይ ክር እያሰካች።

ድምፁን በግድ ዝቅ አድርጎ፣ "የኮምፒውተሩን ሰዓትስ የነካው ሰው አለ?" አላት።

"ማን ይነካዋል? እኔ ነኝ የምሞላው። ባትሪው ከሞተ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሲነሣ ቀኑ ይጠፋበታል። ያ ኮምፒውተሩን ያስገባልኝ ልጅ ይቺን ቁልፍ ተጫኚና ቀንና ሰዓት ጻፊ ብሎ አሳይቶኛል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አስተጓጉዬ አላውቅም።"

"በግድግዳው ሰዓት?"

"በጎረቤት ሰዓት ልሙላው?"

"እትዬ፣ እንዳትነኪው ብዬሽ አልነበረም? በሞቴ፣ እንዳትነኪው ብዬሽ ነበር!"

"ኮምፒውተሩን አልነካሁም። ሰዓት መሙላት መንካት ነው እንዴ?"

ጋሽ ሊያልቅነው የክር ካርቶን ላይ ቁጭ አለ። ነገሩ አንድ በአንድ ተገለጠለት። እህቱ ጠዋት ኮምፒውተሩን አስነሥታ በሱቁ ሰዓት ትሞላዋለች። እሱ መጥቶ ፓኬጅ ያስጀምራል። ከዚያ፣ ከሰኞ ጀምሮ የቀሩትን ፓኬጆች ለማውረድ ሲል፣ ስልኩን ከማሽኑ ጋር አገናኝቶ ኢንተርኔት ይከፍታል። ኢንተርኔት ሲከፈት ማሽኑ ትክክለኛውን ሰዓት በራሱ ጊዜ አምጥቶ አርባ ደቂቃ ወደ ኋላ ይመለሳል። ያኔ ከጠዋት ጀምሮ የተፈጠረው ፋይል ሁሉ ገና ያልመጣ ሰዓት ላይ የተወለደ ይሆናል፣ ግንባታውም ይደናበራል። ከሰዓት በኋላ ሰዓቱ ስለተስተካከለ ያልፋል። ሙቀቱም፣ ብርዱም፣ ሜሞሪውም፣ ሽብሽቡም ንጹሕ ናቸው። ማስጠንቀቂያውም ከሰኞ ጀምሮ በየጠዋቱ ሲጻፍ ነበር፤ እሱ የመጨረሻዋን መስመር ብቻ እያየ አልፎታል።

"ምነው ዝም አልክ?" አለች እህትየው። "እኔ ነኝ ያበላሸሁት?"

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ስንት ይናገር ነበር። እሱም ሊናገር አፉን ከፍቶ ነበር። ግን እትዬ ክሩን ከመርፌው ቀዳዳ ሁለቴ ስትስተው አየ፤ አንጀቱን በላችው።

"አይ እትዬ፣ እኔ ነኝ ያላነበብኩት" አለ። ከዚያ ግን አልቻለም፤ "ሥራ እንዳይዘገይ!" ብሎ ጮኸና ሻርፑን ከማሽኑ ላይ ገፎ ወረወረው።

ሰዓቱን አስተካከለ፣ የጠዋቱን ፋይል ሁሉ ጠረገ፣ ቀትር ላይ መቶ ዘጠና ስምንተኛውን እንደ አዲስ አስጀመረ። ስድስት ሰዓት ይፈጃል፣ የእህትየው መዝጊያ ደግሞ ከዚያ ይቀድማል። "ዛሬ ብቻ መብራቱን አታጥፊ" አላት። ብዙ አሰበች። በመጨረሻ አንድ ባልዲ ውኃ ሞልታ አመጣች፣ ወንበሯን ኮምፒውተሩ ፊት ለፊት አደረገች፣ ባልዲውን እግሯ ሥር አኑራ ዓይኗን ሳታነሣ ተቀመጠች። እሳት ቢነሣ ለመድፋት ነው። ወንድምየው ከእሳቱ ይልቅ ባልዲውን ፈርቶ እጁን ዘርግቶ በመሐል ቆመ። ልክ ሊመሽ ሲል ግንባታው አለቀ፤ ስክሪኑ ላይ ስህተት የሚል ቃል አልነበረም።  እሷ ባልዲውን ይዛ ወጥታ ውኃውን ደጅ ደፋችው።

ቅዳሜ ጠዋት የቀሩት ትናንሽ ፓኬጆች ተንጠባጥበው አለቁ። ረፋድ ላይ ጥልፍ ማሽኑ በአሥረኛ ቀኑ ድምፅ አሰማ። መርፌው ወረደ፣ ወጣ፣ ወረደ፤ አምስት ደቂቃ ሲሞላ የመጀመሪያው አርማ ከነፊደሉ ወጣ። ሚስትየው እንኳ ከፋርማሲ ጠፍታ መጥታ ጨርቁን ወደ ብርሃን አንሥታ አየችው፤ "ይሄ ነው ሥራ" አለች። ፀጉር አስተካካዩ በር ላይ ሆኖ ባዶዎቹን ትሪዎች ሲያይ ፊቱ የተከዳ ሰው ፊት መሰለ።

አምስት ደቂቃ ለአንድ። ጋሽ ሊያልቅነው በልቡ ደመረ፣ መልሶ ደመረ፣ ድምሩ ግን አልፈጥን አለው።

ኃላፊው ከምሳ በፊት እንዳለው ከምሳ በፊት ደረሰ። የተጠለፉት ሃያ ስድስት ነበሩ። አንዱን አንሥቶ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፣ ገልብጦ የጀርባውን ክር አየ። ሥራው እንከን አልወጣለትም፤ እሱም ያሳዘነው ይኸው ይመስላል።

"እትዬ፣ ስድሳውን እስከ ማታ ጨርሺልኝ። ስድሳውን አሻግራለሁ" አለ። "ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?"

 እህትየው ስድሳውን ቁራጭ ጨርቅ ራሷ ቆጥራ፣ ጫፍና ጫፉን አስተካክላ፣ በገመድ አሰረችና ሰጠችው። በመስኮቱ መንገዱን ሲያቋርጥ ታየ፤ መኪና አሳልፎ፣ እስሩን ደረቱ ላይ አስደግፎ፣ የማዶኛዋን በር በክርኑ ገፋው። የሚቀጥለውን ዓመት ሥራ ለማን እንደሚሰጥ አልተናገረም፣ የጠየቀውም የለም።

ወደ ሥራዋ ተመለሰች። አዲስ ጨርቅ ክፈፉ ላይ ወጠረች፣ ማሽኑን አስነሣች። ሚስትየው ቦርሳዋን አነሣች፣ አልሄደችም ግን። ፀጉር አስተካካዩ ባዶዎቹን ትሪዎች አንዱን በአንዱ ላይ ደራረበ። 

ጋሽ ሊያልቅነው ስክሪኑ ላይ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር አነበበ፣ ዓይኑ በራ፣ ቀና አለ።

"ትናንት ማታ እኮ የላይብረሪው አዲስ እትም ወጥቷል" አለ። "ፈጣን ነው ይላሉ። ከመሠረቱ እንደገና ብገነባው አንዱን አርማ በአራት ደቂቃ ያወጣው ነበር።"